የግራ ትከሻው

ፍቅር ዕውር ነው ይላሉ። የእሷ ፍቅር ግን ዕውር አልነበረም፤ ዓይኗማ መሐንዲሱን ከመንገዱ ማዶ ከነአረማመዱ፣ ከነሸሚዙ ኮሌታ ለይቶ ያየው ነበር። የደነቆረው ጣቷ ነው። ጣት ደግሞ ይደነቁራል እንዴ የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ባለቤቱ በፍቅር ከነሆለለ ይደነቁራል።

በማሳጅ ማሠልጠኛው ውስጥ ከእሷ የተሻለ እጅ ያለው ተማሪ አልነበረም። ይህን ያሉት መምህርቷ ናቸው። መምህርቷን ተማሪዎቹ በሌሉበት "እትዬ ክርን" ይሏቸዋል፤ በክርናቸው የአንዱን ጀርባ ሲጫኑ የተኛው ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን የቆመው ሁሉ አብሮ "ውይ!" ስለሚል ነው። እትዬ ክርን ሰው በዋዛ አያመሰግኑም። አንድ ቀን ግን ጀርባቸውን ሰጥተዋት ሲነሱ "ይቺ ልጅ እጇ ዓይን አለው" አሉ። ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት አውቶቡስ መሳፈሩን ረስታ ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች።

ቤቷ ማለት የአክስቷ ቤት ነው። ያሳደገቻት አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናም "ሚጣዬ" እያለች ነው የምትጠራት። ሚጣ የሱቅ ሥራዋን ትታ ማሳጅ ልትማር ነው ሲባል ጎረቤቱ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። አክስቷ መቀሷን አስቀመጠችና "የሚስቀው ሁሉ ወገቡን ሲይዘው በራችንን ያንኳኳል፤ ሙያ በልብ ነው" ብላ ወሬውን ዘጋችው።

ትምህርቱ ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዘይት የነካ ተማሪ የለም። ጥግ ላይ የቆመውን፣ "አጅሬ" የሚሉትን የፕላስቲክ አጽም ከበው የአጥንት ስም ሲሸመድዱ ነበር የሚውሉት። ከዚያ አንሶላ አለባበስ መጣ፤ የሚታሸው ቦታ ብቻ ተገልጦ የቀረው ገላ በክብሩ እንዲቆይ። ከዚያ አቋቋም። "ጉልበት ከእግር ይመጣል እንጂ ከእጅ አንጓ አይመጣም፤ በአንጓው የሚሠራ ሳይውል ሳያድር ራሱ ታካሚ ሆኖ ይመጣልኛል" ይላሉ እትዬ ክርን። አብሯት የሚማረው የቀድሞ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ላቡን እየጠረገ "ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ራስ ስይዝ፣ ከአንገት በታች ይኼን የሚያህል አገር እንዳለ ማን ነገረኝ!" ይልና ክፍሉን በሳቅ ይገለብጠዋል።

እትዬ ክርን ደጋግመው የማይታክቱት ሕግ አንድ ነበር። "እጃችሁ ያገኘውን አፋችሁ ይጠይቅ" ይላሉ። "እጅ፣ እዚህ ጋ ድንጋይ አለ ይላችኋል። ድንጋዩን ማን እንዳስቀመጠው የሚያውቀው ግን የገላው ባለቤት ነው።" ሚጣ ይህን ከሁሉም ቀድማ በቃሏ ያዘች። በቃል መያዝና በልብ መያዝ ለየቅል መሆኑን የተማረችው በኋላ ነው።

ለመመረቅ እያንዳንዱ ተማሪ ከውጭ አንድ ሰው ማምጣት ነበረበት። ያንን ሰው በየሳምንቱ ያሸዋል፤ በፈተናው ቀን መምህርቷ ፊት ያስተኛዋል። እሳቸው ከመታሸቱ በፊት ይዳስሱታል፣ ከታሸ በኋላም ይዳስሱታል። የተለወጠ ነገር ካላገኙ ተማሪው ትምህርቱን ይደግማል። ስለዚህ በኮሪደሩ ሰላምታው "እንዴት አደርሽ" መሆኑ ቀርቶ "ሰውሽ እንዴት ነው?" ሆነ።

የእሷ ሰው መሐንዲሱ ነበር።

አክስቷ ዘንድ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነው የተዋወቁት። ሱሪው ካጠረ በኋላም ምክንያት አላጣም፤ አንዴ ቁልፍ ተበጠሰ፣ አንዴ ኪስ ተቀደደ፤ በመጨረሻ "ይኼ ልጅ ልብሱን ማታ ማታ ራሱ ይቀድዳል መሰለኝ" አለች አክስቷ። እናቱ የመድኃኒት መደብሮች ያሏቸው ትልቅ ሴት ናቸው። እሱ የሚውለው ፎቅ ላይ፣ ከመስታወት ጀርባ ነው። እሷ ከጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል ያደገች ልጅ ናት። ይህ ልዩነት ያሳሰበው እሷን ነበር እንጂ እሱን አልነበረም፤ ቢያንስ ያን ጊዜ። "ፈተናሽን ጨርሺ ብቻ" ይላት ነበር እጇን ይዞ፣ "በማግስቱ አክስትሽ ፊት ቁጭ ብዬ እጠይቃታለሁ።" እሷም ሌት ተቀን የምትቆጥረው የምረቃውን ቀን ሳይሆን ማግስቱን ነበር።

ከእናቱ ጋር ሻይ ሊጠጡ የሄዱት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሳሎኑ ሰፊ፣ ሶፋው ነጭ ነበር፤ እሷም ቀሚሷ ላይ የቀረ ዘይት እንዳይነካው ሰግታ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። እናቱ ራሳቸው ሻይ ቀዱላት። ክፉ ሴት አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻላት ነበር፤ ክፉን ሰው ይዘጋጅበታል።

"የምን ትምህርት ነው ያልሽኝ የኔ ልጅ?"

አፏን ሳትከፍት መሐንዲሱ ቀደማት። "ሕክምና ነክ ነው እማ። እንደ ፊዚዮቴራፒ ነገር።"

ዞር ብላ አየችው። ሻዩን ያማስላል። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሱ ግን ያማስላል።

"ማሳጅ ነው እትዬ" አለች። "የማሳጅ ባለሙያ ልሆን ነው።"

እናቱ ሲኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ዓይናቸው ከፊቷ ወረደና እጇ ላይ አረፈ፤ እዚያው ቆየ። "ጎሽ" አሉ በመጨረሻ። "ሠርቶ መብላት ጥሩ ነው።" ሲሸኟት ጉንጯን ሳሟት። እጇን ግን አልጨበጧትም።

መንገድ ላይ "ወደዱኝ?" ብላ ጠየቀችው። "እማ ሰው ትወዳለች" አላት፣ ወደ መኪኖቹ እያየ። እሷ እውነቷን በመናገሯ ልቧ ሞልቶ ነበርና ከመልሱ ውስጥ የጎደለውን አልሰማችም። እንደውም ክንዱን ይዛ ስትሄድ ማንጎራጎር አማራት።

የግራ ትከሻው ላይ ድንጋዩን ያገኘችው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አክስቷ ጨርቅ የምትቆርጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ በሆዱ አስተኝታዋለች። ከአንገቱ ወደ ትከሻው በሚወርደው ሥጋ ላይ አውራ ጣቷ ሄዶ ሄዶ ጠጠር ያለ ነገር ላይ ቆመ።

"ያምሃል?"

"ጥሩ ነው።"

መሐንዲሱ ምንም ብትጫነው መልሱ ይቺው ናት። ጥሩ ነው። እሷ ደግሞ የሠለጠነች ሰው ናትና ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም፤ ቢሮው ሄደች። ወንበሩን አየች፣ ከጠረጴዛው ጋር ያለውን ከፍታ ለካች፣ ራሷን ነቀነቀች። አክስቷ ከተራረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ለወገቡ መደገፊያ ትራስ ሰፋችለት። ትራሱ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መሐንዲሱ አንገቱን ደፍቶ "ለምን ትደክማላችሁ" አለ። ሚጣ ደግሞ "ትሑት!" ብላ ፍቅሩ ባሰባት።

ድንጋዩ ግን አልሟሟም። ትኩስ ፎጣ ጣለችበት፣ በክርኗ ሞከረች፣ ዘይቱን ቀየረች። በወሩ ግምገማ ላይ ተማሪ ፊት ቆማ አስረዳች። "የእኔ ሰው የቢሮ ሠራተኛ ነው። የግራ ትከሻው ውጥረት የመጣው ከወንበሩ ነው።"

"ጠይቀሽዋል?" አሉ እትዬ ክርን።

"ያምሃል ወይ ብዬዋለሁ።"

"ያምሃል ማለት አሁንም የእጅ ጥያቄ ነው። በአፍሽ ጠይቀሽዋል ወይ ነው የምልሽ።"

"ምኑን ልጠይቀው? ወንበሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ!"

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እትዬ ክርን ብቻ አልሳቁም፤ ትክ ብለው አዩዋት፣ እሷም ይህን እንደ አድናቆት ቆጠረችው።

አሁን ጥፋቷን ልናገር፤ እንዲህ ያለ ጥፋት የሚያጠፋ ከእሷ ሙያ ሰው በቀር የለም። ፈተናው ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት እያሸችው ሳለ ፊቱን ከብርድ ልብሱ ቀና አደረገ።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።"

"አትናገር። ስትናገር አንገትህ ይጠነክርብኛል።"

"ሚጣ፣ የምሬን ነው..."

"እሽሽ። ከፈተናው በኋላ።" ራሱን በመዳፏ ወደ ታች መለሰችው። ሊላት የፈለገው ያንን መስሏታል፣ የማግስቱን ነገር። ደስታ እንዳይባክንባት ለቀኑ ልታቆየው ፈለገች። እሱም መልሶ ተኛ። ፊቱ ቢታያት ኖሮ እፎይታም እፍረትም ታይበት ነበር። የሚታያት ግን ጀርባው ብቻ ነበር፤ ጀርባውን ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ትወደው ነበር።

የፈተናው ጠዋት መሐንዲሱ ያለወትሮው ቀድሞ ደረሰ። በእጁ የፌስታል ከረጢት ይዟል፤ ከአልጋው ሥር አስቀመጠው። ፀጉር አስተካካዩ በጎን አልፎ "ሰውሽ ዛሬ ሙሽራ መስሏል" ብሎ ጆሮዋ ላይ ሹክ አላት። ልቧ ዘለለ።

በየአልጋው አንድ ሰው ተኛ። መሐንዲሱ ፊቱን በአልጋው ቀዳዳ ውስጥ አድርጎ በሆዱ ተዘረጋ፤ እሷም አንሶላውን እስከ ወገቡ አጠፈችው። እትዬ ክርን መጥተው የግራ ትከሻውን በሁለት ጣታቸው ያዙ። ቅንድባቸው ተነሳ።

"ይኼማ ግንብ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሪ ነበር ልጄ?"

ፊቷ በርበሬ መሰለ። እሳቸው ወደ ሌላው አልጋ ሄዱ። ሚጣ ዘይቱን በመዳፏ አሙቃ ጀመረች። የምታውቀውን ሁሉ አመጣች፤ ረጅሙን፣ ክቡን፣ በእጅ ጀርባ፣ በክርን። ድንጋዩ በተጫነችው መጠን ይጠነክራል። ወዲያ ማዶ የፀጉር አስተካካዩ ሰው ማንኮራፋት ጀምሯል፣ ሌሎቹ ወደ ማጠቃለሉ ናቸው። ጨነቃት። ያኔ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ሲዘጋባት፣ ያ በቃሏ የያዘችው ሕግ ትዝ ያላት። አውራ ጣቷን ሳታነሳ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

"እዚህ ጋ ምን አለ?"

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ አይደለም። እጄ ነግሮኛል። ምንድን ነው እዚህ ያለው? ንገረኝ።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ብቅል አልነበረም፣ ጥያቄ ብቻ ነበር። ድምፁ በቀዳዳው በኩል ወደ ወለሉ ወርዶ ነው የደረሳት።

"ሰኞ እሄዳለሁ።"

"የት?"

"ውጭ አገር፣ አጎቴ ዘንድ። እዚያ ሥራ ይዞልኛል።"

"ለስንት ጊዜ?"

"አልመለስም ሚጣ።"

እጇ ሊነሳ አለ። የጀመረ እጅ እስኪጨርስ ከገላ አይነሳም፤ ይህም ሕግ ነው። አላነሳችውም። የአልጋውን ጠርዝ ግን በጭኗ ተደገፈች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ሻይ ከጠጣን ቀን ጀምሮ።"

ከሻዩ ቀን ጀምሮ። እንግዲህ ቢሮው ሄዳ ወንበሩን ስትለካ ያውቅ ነበር። አክስቷ መነጽሯን አጥልቃ ያንን ትራስ ስትሰፋ ያውቅ ነበር። ከአልጋው ሥር ያለው ፌስታል አፉ ተከፍቶ ሰማያዊ ጨርቅ ታያት። ቢሮውን ለቅቆ ነው የመጣው።

"ታዲያ በየሳምንቱ ለምን ትመጣ ነበር?"

"ቃል ገብቼልሽ ነበር። ሰው ካጣሽ ትምህርቱን ትደግሚያለሽ ብዬ... አሳዘንሽኝ።"

አሳዘንሽኝ። ወድጄሻለሁ ባለበት አፍ። ብትጠላኝ ይሻል ነበር፣ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር አለች በሆዷ፤ እኔ ገላህን በፍቅር ስነካ አንተ በምጽዋት ታስነካኝ ነበር? እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ወርዶ ጀርባው ላይ ጠብ አለ። ከዘይቱ ጋር አሸችው፤ እሱም አላወቀም።

"እናትህ ምን አሉህ?"

"ተይው በናትሽ።"

"ዛሬ የምጠይቅበት ቀን ነው። ምን አሉ?"

"'የስንት ሰው ገላ ሲያሽ የዋለ እጅ ነው ልጄን የሚያቅፈው?' አለች።"

"አንተስ? ምን መለስክላቸው?"

ጎድኑ ሲነፋና ሲወርድ አየች።

"ምንም" አለ።

ይቺ ቃል ከአፉ ስትወጣ ከአውራ ጣቷ ሥር አንድ ነገር ሆነ። ድንጋዩ ላላ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቀ፣ ትከሻው ወደ አልጋው ሰመጠ። ያ ስንት ፎጣ፣ ስንት ዘይት፣ ስንት ሳምንት ያልፈታው ነገር። እስትንፋሱም ረዘመ። ያን ያህል የከበደው እሷን ማጣት አልነበረም፤ አለመንገሩ ነበር። ነገራት፣ ቀለለው። እሷን ለመተው የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፣ እሱንም ራሷ ጠየቀችለት።

ጥላው ልትወጣ ትችል ነበር። ዘይቱን ፊቱ ላይ ደፍታ "እናትህ ትጠብህ" ልትለው ትችል ነበር፣ ይገባውም ነበር። ግን አንዱን ጎን ሠርቶ ሌላውን መተው ነውር ነው፤ ሰው ጎዶሎ ሆኖ ይነሳል። ዞራ መጣችና ቀኝ ትከሻውንም አሸችው፤ በዚያው ክብደት፣ በዚያው ርጋታ። ይህን ያደረገችው ለእሱ ይሁን ለሙያዋ እስከ ዛሬ አታውቀውም። አንሶላውን እስከ አንገቱ አለበሰችው። መዳፏን ጀርባው መሃል ለመጨረሻ ጊዜ አሳረፈችና አነሳች።

"ጨርሻለሁ። ቀስ ብለህ ተነስ፣ እንዳያዞርህ።"

እትዬ ክርን መጥተው ትከሻውን ያዙ። አንዴ ያዙት፣ ደግመው ያዙት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ኑ እስኪ ሁላችሁም!" አሉ። ተማሪዎቹ ከበቧቸው። "ቅድም ግንብ ነበር፤ በእጄ ይዤዋለሁ። አሁን እዩት፣ እንደ ሊጥ ለስልሷል። ይህን በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስንቴ አየሁ መሰላችሁ? ምን አድርገሽ ነው ልጄ?"

"የነገሩኝን" አለች። "ጠየቅኩት።"

"አያችሁ!" አሉ እትዬ ክርን፣ ክፍሉም አጨበጨበ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው ፀጉር አስተካካዩ ነበር።

መሐንዲሱ ተነስቶ ሸሚዙን ቆለፈ። የአልጋው ቀዳዳ ጠርዝ ፊቱ ዙሪያ ቀይ መስመር አትሞበታል፤ ዓይኑ ግን የልቡን ተኝቶ እንደተነሳ ሰው ጠርቶ ነበር። አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ። ዙሪያው ሰው ነው። "አመሰግናለሁ" አለ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። ፌስታሉን አላነሳውም። በመስኮቱ አሻግራ ስታየው ሁለቱ ትከሻዎቹ እኩል ሆነው፣ እጆቹን እያወዛወዘ፣ ቀለል ብሎት ይሄድ ነበር። እንዲህ ሲሄድ አይታው አታውቅም። አምሮበታል።

ትራሱን ከፌስታሉ አወጣችው። የአክስቷ ስፌት አንድም ቦታ አልተተረተረም፤ ሰው የተደገፈው አይመስልም። ነገ ማግስቱ ነው። አክስቷ ከአሁኑ ቤቱን ጠርጋ፣ ወንበሮቹን አስተካክላ ይሆናል። ማን ይነግራታል?

"በርቺ የኔ ልጅ! አለፍሽ እኮ፣ ከሁሉም በላይ ነው ያለፍሽው፤ ምነው ደነዘዝሽ?" እትዬ ክርን ከኋላዋ መጥተው የግራ ትከሻዋን ጥብቅ አድርገው ያዙ። ሊያነሱ ያሉት እጃቸው ግን ቆመ። አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ ፈለገ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ፈገግታቸው ጠፋ። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ጠየቋት።

"እዚህ ጋ ምን አለ ልጄ?"

ሚጣ ትራሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። በመስኮቱ መንገዱ ባዶ ነበር።

"ምንም መምህርት" አለች። "ጥሩ ነው።"